ዳውላው እኔ ነበርኩ

የምጋልበው ፈረስ፣ ቦራ፣ ወደ ግራ አልዞርም ካለ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ወደ ቀኝ ሲመሩት ያለ አንዳች ጣጣ ይሄዳል። ወደ ግራ ሲሆን ግን አንገቱን ብቻ አዙሮ ትከሻውን ወደ ውጭ ይጥልና አጥሩን እየታከከ ይሸሻል። የግራውን ዛብ ስስብ አፍንጫው ጉልበቴ ድረስ ይመጣል፤ ሰውነቱ ግን በጀመረው መንገድ ይቀጥላል። እኔም በየቅዳሜው ከኮርቻ ስወርድ የማቀርበው ክስ ነበረኝ። ዛሬም አመሉን አመጣ፤ ሰንፏል፤ ግራ ጎኑን ሳያመው አይቀርም፤ ጥርሱ ይታይልኝ። የእንስሳት ሐኪም መጣ። ጥርሱ ታየ፣ ጀርባው ተዳሰሰ፣ ኮርቻው ተገልብጦ ተመረመረ። ቦራ ጤነኛ ነበር።

አሠልጣኛችን ሰባን የተሻገሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ ብለን የምንጠራቸው ሰው ናቸው። ክሴን ሁሉ በትዕግሥት ሲሰሙ ቆይተው አንድ ቅዳሜ እርካቦቹን ከኮርቻው ላይ ፈትተው ወሰዱ። ዛቡንም ከእጄ ተቀብለው በቦራ አንገት ላይ ቋጠሩት። ቀጥለው ረጅም ገመድ አሰሩለትና እርሳቸው መሐል ቆመው በዙሪያቸው ያስኬዱት ጀመር። እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ አሳርፌ እንደ ጭነት ተቀምጫለሁ። ወደ ቀኝ ሄድን፤ ከዚያ ወደ ግራ። ወደ ግራ ሦስት ዙር እንደሄድን አቆሙት።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«አንቺ ዘንድ ተገልብጧል ልጄ። የሚያጠፋው ዳውላው፣ የሚመታው አህያው።»

ዳውላው እኔ ነበርኩ።

ማታ ቤት ስገባ፣ አብራኝ የምትጋልብ ጓደኛዬ ከኋላ ሆና በስልኳ የቀረጸችውን ላከችልኝ። ሰው ራሱን ከኋላ ባያይ ይሻለዋል። ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሏል። ግራ ወገቤ አጥሮ የጎድን አጥንቴ ዳሌዬ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። ወገብ በግራ በኩል ሲያጥር መቀመጫ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ክብደቴ በሙሉ በኮርቻው ቀኝ ጎን ተንጠልጥሏል። ልጅ አዝላ ያሳደገች ሴት ቀሪውን ሳይነገራት ታውቀዋለች። የታዘለ ልጅ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል እናትየው ሳታስበው ወደዚያው አንድ እርምጃ ትረግጣለች፤ ሸክሙን ከእግሯ በላይ ልታደርግ ነው። ቦራም ያደረገው ይህንኑ ነው። እኔ በግራ እጄ «ወደ ግራ» እያልኩ በመቀመጫዬ «ወደ ቀኝ» እለዋለሁ። እርሱም ከሁለቱ የከበደውን ሰማ። የግራውን ዛብ ይበልጥ በሳብኩ ቁጥር አንገቱ ይታጠፋል፣ ትከሻው ይበልጥ ወደ ቀኝ ይወጣል። እኔ ደግሞ እምቢተኛ ነው እላለሁ።

የጠማማነቴን ምንጭ ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቀኝ ትከሻዬ ያነገትኩት ቦርሳ፤ ኮምፒውተር፣ የምሳ ዕቃ፣ ጃንጥላ፣ አንዳንዴም ቢሮ ያላለቀ የሒሳብ መዝገብ። ማንገቻው እንዳይንሸራተት ትከሻ ሳያውቀው ሽቅብ ይወጣል፤ ወጥቶም እዚያው ይቀራል። ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው፤ ቤቴ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ። ይህንን መንገድ ከነዳገቱና ከነቁልቁለቱ በስንት ሺህ ቀን አባዝቼ ሳበቃ፣ ቦራን ይቅርታ ልጠይቀው የቅዳሜን መድረስ ናፈቅኩ።

የምማረው የግልቢያ ዓይነት ድሬሳጅ ይባላል። ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን ማሠልጠን፣ መግራት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኗል። ስፋቱ 20፣ ርዝመቱ 60 ሜትር በሆነ ሜዳ ውስጥ፣ ጠርዙ ላይ ከተተከሉ ፊደላት ወደ ፊደላት ፈረሱ ይራመዳል፣ ሶምሶማ ይረግጣል፣ ደንገላሳ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ጎን ይሻገራል። ዳኞች ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ይሰጣሉ። የሚያስገርመው ነገር፣ ጋላቢው ምንም ሳያደርግ ተቀምጦ ሲመስል ነው ውጤቱ የሚያምረው። የቢሮ ባልደረቦቼ በስልክ አሳይቻቸው «ታዲያ ሴትዮዋ ምን ሠራች? የሠራው ፈረሱ!» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ያለ አይመስለኝም።

እነዚሁ ባልደረቦቼ ስም አውጥተውልኛል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አሉላ አባ ነጋ፤ እኔ ደግሞ እማ ቦራ። ሰው በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር ተወልዶ፣ በአርባ ዓመቱ ፈረስ ላይ መቀመጥ አለመቻሉን ማወቅ ትንሽ ያሳፍራል። ጠዋት ጠዋት በአራዳ ጊዮርጊስ በኩል ሳልፍ ቀና ብዬ የምኒልክን ሐውልት አያለሁ። ለ1923ቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀው፣ ጣሊያን ነቅሎት ከነጻነት በኋላ የተመለሰው ነው። ድሮ የማየው ንጉሡን ነበር፤ አሁን አቀማመጣቸውን ነው። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንስቶ ቆሟል። እንዲህ በቆመ ፈረስ ላይ ዛብ የሚስብ ሰው ፈረሱን በራሱ ላይ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፤ ማድረግ የሚገባው እጁን አላልቶ ወደ ፊት መጠጋት ነው። ሰው ሲፈራ ግን የመጀመሪያ ሥራው መጨበጥ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ጨብጫለሁ፤ ደግነቱ ቦራ በኋላ እግሮቹ ቆሞ አያውቅም፤ ለዚያ የሚሆን ጉልበት ማባከን አይወድም።

ወደ አቀማመጥ ልመለስ። በጎን በኩል ሲታይ የጋላቢው ጆሮ፣ ትከሻ፣ ዳሌና ተረከዝ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር መዋል አለባቸው ይባላል። ክርክሩ ቀላል ነው። ፈረሱ ድንገት ከሥርሽ ቢጠፋ መሬት ላይ በእግርሽ ትቆሚያለሽ ወይስ በመቀመጫሽ ትወድቂያለሽ? እኔ በመቀመጫዬ ነበር የምወድቀው። ቀኑን ሙሉ በቢሮ ወንበር የሚውል ሰው ፈረስ ላይም ወንበሩን ይዞ ይወጣል፤ ጉልበቱ ወደ ፊት፣ ተረከዙ ከዳሌው ፊት፣ ጀርባው ጎብጦ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ የሚባለው እንዲህ ያለውን ሳይሆን አይቀርም፤ ባጎነብስም አልሰወርም፤ ፈረሱ አውቆኛል። በዚህ ላይ ጭንቅላት አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የቦራን ጆሮዎች ለማየት አንገቴን ስደፋ አምስቱ ኪሎ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ትከሻዬ ይከተላል፣ ከዚያ የቦራ ፊት እግሮች ከብደው መሬቱን ይደበድቡት ጀመር።

ይህ እንደገባኝ ጥፋቴ ሌላ ሆነ። ቀጥ አልኩ። የወታደር ሰልፍ ላይ እንደቆመ ሰው ደረቴን ነፍቼ፣ ወገቤን ሰብሬ፣ ተረከዜን ቁልቁል ገፍቼ ተቀመጥኩ። በፎቶ አምሮብኛል። ቦራ ግን ጀርባውን አደነደነና አጫጭር እርምጃ ይረግጥ ጀመር። ጋሼ ጠጋ ብለው «እስኪ ተንፍሺ» አሉኝ። ለካ አንድ ዙር ሙሉ ትንፋሼን ይዣለሁ። ትንፋሽ የያዘ ሰው ሆዱ ይጠጥራል፣ ጭኑ ይቆልፋል፣ መቀመጫው ከኮርቻው ይነሣል፤ እንደ ልብስ መቆንጠጫ መሆን ነው። መስመሩ ትክክል ቢሆንም በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለ ዱላ ኮርቻ ላይ ማሰር ማለት ነው።

እንቅስቃሴው የት እንዳለ ያሳዩኝ ጠንካራ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ነው። ከሥርሽ እጆችሽን አስገቢ አሉኝ። አስገባሁ፤ ሁለት አጥንቶች መዳፌን ወጉኝ። መቀመጫ አጥንቶች ናቸው፤ የጋላቢ እግሮች እነዚህ ናቸው ይላሉ ጋሼ፤ የቀረው ሁሉ ተንጠልጣይ ነው። ዳሌን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አስቢው፤ ወደ ፊት ሲያጋድል ውኃው በፊት ይፈሳል፣ ወደ ኋላ ሲያጋድል በኋላ። ቦራ በተራመደ ቁጥር ሳህኑ ይነቃነቃል፤ ያንቺ ሥራ ውኃው እንዳይፈስ መከተል እንጂ ሳህኑን ጨብጦ መያዝ አይደለም።

ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ፈረስ የለኝምና ልምምዴን ታክሲ ውስጥ አደረግሁት። ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላው ጎማ በላይ ያለችውን፣ ሰው ሁሉ የሚሸሻትን መቀመጫ መረጥኩ። ውስጥ ለውስጥ ሲገባና ኮብልስቶኑ ላይ ሲወጣ፣ ያቺ መቀመጫ ከሶምሶማ አትተናነስም። መደገፊያውን ሳልነካ፣ የፊቱን ወንበር ሳልይዝ፣ ንዝረቱን በወገቤ ተቀብዬ ጭንቅላቴን ባለበት ማቆየት ነው ጨዋታው። አንድ ቀን ረዳቱ ትክ ብሎ ሲያየኝ ቆይቶ «ምነው እትዬ፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ። ፈረስ እየተማርኩ ነው ብለው ማን ያምነኛል? ወገቤን ነው አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም።

ሌላም የቤታችን ነገር ረድቶኛል። እስክስታ የሚችል ሰው ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ወገቡ ዝም ይላል፤ አንዱን የአካል ክፍል ከሌላው መለየት ከልጅነት ጀምሮ በሠርግ ቤት የምንማረው ነው። ግልቢያ የሚጠይቀው ይህንኑ ገልብጦ ነው። ወገብ ይጨፍራል፣ ትከሻ ዝም ይላል፣ ክርን ደግሞ እንደ በር ማጠፊያ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከክርን ተነሥቶ በዛቡ እስከ ልጓሙ ድረስ ያለው መስመር ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እጅ የፈረሱን አፍ ይከተላል። እጅሽን አታንቀሳቅሺ የሚለው ምክር ብዙ ሰው አበላሽቷል። ፈረስ ሲራመድ ጭንቅላቱ ይወዛወዛል፤ ከሰውነትሽ ጋር የማይንቀሳቀስ እጅ በእያንዳንዱ እርምጃ አፉን ይነጨዋል። የማይንቀሳቀስ የሚመስለው እጅ ከሁሉም ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው ነው።

አያቴ ይህን ሁሉ ቢሰማ ይስቅ ነበር። እንጅባራ አካባቢ ያደገ ሰው ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት አገር። ሲጋልብ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱ ሽማግሌ ሆኖ፣ እኔ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሆነኝ። ባዶ እግሩን ነበር። እርካቡ የምናውቀው ሰፊ ብረት አይደለም፤ አውራ ጣት ብቻ የምትገባበት ቀለበት ነው። በአውራ ጣት ላይ ቆሞ መጋለብ አይቻልም፤ ሰውየው የሚቀመጠው በመቀመጫው ነው፣ ሌላ ምርጫ የለውም። ጉግስ ሲጫወቱ ደግሞ አስቡት። በአንድ እጅ ጋሻ፣ በአንድ እጅ ዱላ፤ ከኋላ አሳዳጅ፣ ከፊት ተሳዳጅ። ዛቡን ማን ይጎትተዋል? ፈረሱን የሚያዞረው የጋላቢው ወገብ ነበር። ጃን ሜዳ በጉግስ ዘመኑ ያየው ጥበብ ይህ ነው፤ ፊደል የተተከለለት ሜዳና ነጥብ ሰጪ ዳኛ ግን አልነበረውም።

የአያቴን ዘመን ላስውበው አልፈልግም። የእርሱ ልጓም የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት ነበረው፤ ትንሽ ከሳቡት ያማል። ፈረሱ በትንሽ ምልክት የሚታዘዘው ትልቁን ምልክት ስለሚያውቀው ጭምር ነው። ዛሬም በአውሮፓ ውድድሮች ላይ አፋቸው በጥብቅ ማሰሪያ የታሰረ፣ አንገታቸው ደረታቸው ድረስ የተሳበ ፈረሶች እያየሁ ያው ነገር ትዝ ይለኛል። ከሩቅ ሲታይ ረቂቅ የሚመስል ምልክት ሁሉ ረቂቅ አይደለም።

ምልክት ስል፣ በአማርኛ ሳስበው መጀመሪያ ወደ አፌ የመጣው ቃል «ትእዛዝ» ነበር። በእንግሊዝኛም፣ በፈረንሳይኛም፣ በጀርመንኛም ጋላቢው በእግሩ፣ በመቀመጫውና በእጁ የሚሰጠው ነገር መጠሪያው «እርዳታ» ነው። መጀመሪያ ግብዝነት መስሎኝ ነበር። ጀርባው ላይ ወጥተሽ፣ አፉ ውስጥ ብረት አግብተሽ እርዳታ? ቦራ ወደ ግራ ሊዞር ያልቻለው ስለከለከልኩት እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ ግን ቃሉ ገባኝ። ከመንገዱ ላይ ዘወር ብልለት ይበቃው ነበር።

ፈረስ ቆዳው ላይ አንዲት ዝንብ ስታርፍ ያቺን ቦታ ብቻ ለይቶ ያርገበግባታል። ዝንብን የሚሰማ እንስሳ የሴትዮ ተረከዝ አይሰማኝም ቢል ማን ያምነዋል? ሰምቶ ነው የተወው፤ ምክንያቱም ተረከዙ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ይውላል። እናቴ እንግዳ ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ ተቆጥታን አታውቅም። ድፎ ዳቦው ተቆርሶ ቀርቦ፣ እጄ ወደ ሦስተኛው ቁራሽ ሲዘረጋ፣ ከእንግዶቹ ጋር የጀመረችውን ወግ ሳታቋርጥ አንድ ግልምጫ። እጄ ይመለሳል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሳላስተውለው የኖርኩት ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። እጄ በተመለሰ ቅጽበት ዓይኗም ይመለሳል። ግልምጫው አልቋል፣ ቂም የለም፣ ወጉ ቀጥሏል። ቀኑን ሙሉ የምታፈጥ እናት ብትሆን ኖሮ ልጆቿ ዓይኗን እንደ ግድግዳ ሰዓት ይለምዱት ነበር።

ጋሼ ስለ እግር የሚያስተምሩት ይህንን ነው። እግር ይነካል፤ ፈረሱ መልስ ሲጀምር፣ ገና ሲያስብ፣ እግር ይለቃል። የሚያስተምረው መንካቱ ሳይሆን መልቀቁ ነው። የፈረሱ ትምህርት የሚገባው በዚያች በሚለቀቅባት ቅጽበት ስለሆነ፣ አንድ ሰከንድ ዘግይተሽ ብትለቂ ያስተማርሽው ሌላ ነገር ነው። እኔ በእያንዳንዱ እርምጃ ቦራን በተረከዜ እጎስም ነበር፤ ሳላውቀው፣ እግር እያወዛወዘ ጋዜጣ እንደሚያነብ ሰው። እንዲፈጥን ስፈልግ ጠንክሬ መምታት ግድ ሆነብኝ። አንድ ወር የወሰደብኝ እግሬን ዝም ማሰኘት ነው። ከዚያ በኋላ ባቴ ሱሪውን አልፎ ጎኑን ገና ሲነካው ጆሮውን ወደ እኔ መለሰ፤ «አቤት» አለኝ፤ እኔም ደንግጬ ምን ልጠይቀው እንደነበር ጠፋብኝ።

መቼ መንካት እንደሚገባም ትምህርት አለው። ፈረስ ሲራመድ ሆዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። የቀኝ ኋላ እግሩን አንስቶ ወደ ፊት ሲያመጣ ሆዱ ወደ ግራ ይሄዳል፣ የቀኝ ዳሌው ዝቅ ይላል፤ የእኔም ቀኝ መቀመጫ አጥንት አብሮ ይወርዳል፣ የላላ እግር ከሆነም በራሱ ወደ ጎኑ ይጠጋል። ያንን እግር አርቆ እንዲረግጥ ወይም ወደ ጎን እንዲሻገር መጠየቅ የሚቻለው አየር ላይ ሳለ ብቻ ነው። መሬት ከረገጠ በኋላ ክብደት ተሸክሟል፤ ቢፈልግም አይችልም። ብዙ ጊዜ እምቢታ የምንለው፣ ባቡሩ ከሄደ በኋላ ትኬት መጠየቃችንን ነው። ጋሼ ዓይኔን አስጨፍነው «የቀኝ ኋላ እግሩ ሲነሣ አሁን በይ» ይሉኛል። ሦስት ቅዳሜ ተሳሳትኩ። በአራተኛው ማሰብ አቁሜ ስለ ቤት ኪራይ ሳሰላስል አፌ በራሱ «አሁን» አለ፤ ልክ ነበር። ቀጥሎም ልክ ሆነ። ስለ ቤት ኪራይ ማሰብ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ከመታጠፍ፣ ከመቆም ወይም እርምጃ ከመለወጥ በፊት የሚደረግ አንድ ትንሽ ነገርም አለ፤ ወገብ ለአንዲት ቅጽበት መከተሉን ይገታል፣ ጣቶች ዛቡ ላይ ይዘጋሉ፣ ወዲያው ይከፈታሉ። በውጭ ቋንቋ ግማሽ ማቆም ይሉታል። የጋሼ ትርጉም ይሻለኛል፤ «ከመላክሽ በፊት ስሙን ጥሪው።»

እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበር። ባለቤቱ ፎን ኦስተን ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ሲሆን፣ ፈረሱ መደመርና መቀነስ ይችላል ተብሎ ጉድ ተባለ፤ መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥራል። ኦስካር ፉንግስት የሚባል ተመራማሪ በ1907 ምሥጢሩን ገለጠው። ጠያቂው መልሱን ካላወቀው ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ካላየው አይችልም ነበር። ሰዎች ጥያቄ ሲጠይቁ ጎንበስ ይላሉ፤ ቆጠራው ትክክለኛው መልስ ላይ ሲደርስ ሳይታወቃቸው ጭንቅላታቸው እጅግ በጥቂቱ ቀና ይላል። ሃንስ የሚቆመው ያን አይቶ ነው። ከሁሉ ደስ የሚለኝ፣ ፉንግስት ምሥጢሩን ካወቀ በኋላ እንኳ ራሱን ከዚያ እንቅስቃሴ መግታት መቸገሩ ነው። ሰዎች ታሪኩን ፈረሱ ሒሳብ አለመቻሉን ለማሳየት ይጠቅሱታል። ሒሳብ የምሠራው እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። በርሊን ሙሉ ያላየውን አንድ ፈረስ አየ፤ ያውም ሳይነካው፣ ከሩቅ ቆሞ። እኔ ደግሞ ጀርባው ላይ ተቀምጬ ምንም አላልኩም እላለሁ።

ሊዝ ሃርቴልን የማነሣው እግሬ አልታዘዝ ሲለኝ ነው። ዴንማርካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1944 ነፍሰ ጡር ሳለች ፖሊዮ ያዛት፤ ከጉልበቷ በታች እግሮቿ ሽባ ሆነው ቀሩ። ሰው ደግፎ ነበር ፈረስ ላይ የሚያወጣትና የሚያወርዳት። የኦሊምፒክ ድሬሳጅ እስከዚያ ድረስ ለወታደር መኮንኖች ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ እንዲያውም በ1948 የስዊድን ቡድን ወርቅ ካገኘ በኋላ፣ አንደኛው ጋላቢ የመኮንን ማዕረግ የለውም ተብሎ ሜዳሊያው ተነጥቋል። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደንቡ ሲላላ ሴቶችም ገቡ። ሃርቴል ጁቢሊ በምትባል ፈረሷ ላይ ሆና፣ ከወንዶቹ ጋር እኩል ተወዳድራ ብር አገኘች። በ1956ም ደገመችው። የማይሰማት ተረከዝ፣ የማይጨብጥ ባት ይዛ። የቀራት መቀመጫዋ፣ ክብደቷና ትንፋሿ ነበር። እነርሱም በቂ ነበሩ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጉልበት አነሰኝ ብዬ ለጋሼ አቤት ማለት አቁሜያለሁ።

አንድ የክረምት ቅዳሜ ሜዳው ጭቃ ሆኖ በእርምጃ ብቻ እንሠራ ነበር። መሐል መንገድ ላይ ሰኞ የሚጠብቀኝ የሒሳብ ምርመራ ትዝ አለኝና በረጅሙ ተነፈስኩ። ቦራ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ለምን አቆምሽው?» አሉ ጋሼ።

«አላቆምኩትም።»

«እንግዲያው እርሱ ይዋሻል ማለት ነዋ?»

ቦራ አይዋሽም። ከዚያን ቀን ወዲህ ቢሮ ውስጥ አለቃዬ ፊት ስቀመጥም ትንፋሼን አዳምጣለሁ።

ግራውስ ምን ደረሰ? ተስተካክሏል። ግራ ወገቤን አስረዝሜ፣ የግራ መቀመጫ አጥንቴ የተረሳውን ቦታውን ሲያገኝ፣ ቦራ ዛቡን ሳልነካው፣ ዓይኔ ወደ ፒያሳ አቅጣጫ ሲዞር ብቻ አብሮኝ መዞር ጀመረ። ሦስት ሳምንት በደስታ ሰነበትኩ። ለጓደኛዬ ደወልኩ፣ ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴ «ከፈረስ ጋር ታረቅሽ ማለት ነው?» አለችኝ። ያለፈው ቅዳሜ ግን ወደ ቀኝ ስመራው ትከሻውን ወደ ግራ ጣለና አጥሩን ይታከክ ጀመር። አንገቱን ወደ ቀኝ ያጥፋል፣ ሰውነቱ ወደ ግራ ይሸሻል። በሁለተኛው ዙርም ያው። ጋሼ ከመሐል ሜዳ ሆነው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ቦርሳሽን ወዴት አዞርሽው?» አሉ።

ወደ ግራ ትከሻዬ።